አሜሪካኖች እውነት ለስልሰዋል?

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። መጀመሪያ ቡናው ስላለቀ ይቅርታ። ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ ግን ማይኩ እኔ እጅ ላይ ስለሆነ እኔው ልጠይቅ። ሁለተኛ፣ ዛሬ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የነሱን ታሪክ በኛ ዘመን ስቆጥር ራሴም እደናገራለሁ።

የዛሬው ርዕስ የመጣው ከታክሲ ተራ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ኮሌጅ ታሪክ ማስተማር ከመጀመሬ በፊት 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ኤርፖርት ተሳፋሪ ስንጠብቅ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ቆመን፣ ያልፈታነው የዓለም ችግር የለም። እዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሹፌር ነበሩ። አሜሪካ የገቡት በ70ዎቹ መጨረሻ ነው። አንድ ቀን ከተሳፋሪ ጋር ተነታርከው መጡ። ልጁ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው። የመኪናው ኤሲ በደንብ አይሠራም ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ ወርዶ ሌላ መኪና ጠራ። ጋሼ በሩን ድርግም አድርገው ዘጉና፣ «እኔ ስመጣ የነበሩት አሜሪካኖች ሌላ ነበሩ። ወገብ ነበራቸው። አገራቸውን ይወዱ ነበር። እነዚህ ግን አልቆላቸዋል። ነገ ጦርነት ቢመጣ ማን ሊዋጋላቸው ነው? ኤሲ የሌለው ታንክ ውስጥ አይገቡ!» አሉ።

ሳቅን። ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ። ይህን የሚሉት ጋሼ ብቻ አይደሉማ። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ አሜሪካኖችም ይሉታል። ቴሌቪዥኑም ይለዋል። አገሪቱ 250 ዓመቷን በምትቆጥርበት በዚህ ዓመት ደግሞ ብሷል። የአገር ፍቅር ጠፋ፣ ጽናት ጠፋ፣ ያ ትውልድ አለፈ። እውነት ነው ወይ?

ከቃሉ ልጀምር። እኛ ሁለት ቃል አለን። የአገር ፍቅር እና አርበኝነት። ፈረንጆቹ ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። ለኛ የአገር ፍቅር ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ባንዲራ ሲሰቀል ጉሮሮህን ሰቅዞ የሚይዝህ። አርበኛ ግን ጣሊያን ሲገባ ጫካ የገባው ሰው ነው። አርበኛ ለመባል መውደድ አይበቃም። ቤትህን፣ ከብትህን፣ ሚስትህን ትተህ መውጣት አለብህ። እንደኔ እንደኔ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ አሜሪካኖቹን ስንመዝንም ይዘነው ብንሄድ ጥሩ ነው። አንዱ ስሜት ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ሌላው ሥራ ነው፤ ለሥራ ደግሞ የሚጠራህ ሰው ያስፈልጋል።

በዚህ አገር «ያ ትውልድ» ሲባል ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጋው ማለት ነው። (የኛን «ያ ትውልድ» ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሌላ ስብሰባ ይፈልጋል፣ ዘበኛም ጭምር።) ስለዚያ ትውልድ የሚወራውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሐርበር በጃፓን ተመታ፤ በማግስቱ ወጣቱ መመልመያ ጣቢያ ደጅ ተሰለፈ፤ ሴቶች ፋብሪካ ገቡ፤ ልጆች ቁርጥራጭ ብረት ሰበሰቡ። ውሸት አይደለም፤ ሁሉም ነበር። ግን አራት ወር ብቻ ወደ ኋላ እንመለስ።

ኦገስት 12 ቀን 1941። ሂትለር ፓሪስ ከገባ ዓመት አልፎታል። ጦሩ ሩሲያ ውስጥ እየገሰገሰ ነው። አሜሪካ ከዓመት በፊት ብሔራዊ ውትድርና ጀምራ ነበርና የተመለመሉት ልጆች የአንድ ዓመት ግዳጃቸው ሊያልቅ ነው። መንግሥት ይራዘምልኝ አለ። የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ። ስንት ለስንት ይመስላችኋል? 203 ለ202። በአንድ ድምፅ! አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ኖሮ፣ ፐርል ሐርበር ሊመታ አራት ወር ሳይሞላው፣ ገና የሠለጠነው ጦር ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነበር። ካምፖቹ ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ግድግዳ ላይ አራት ፊደል ይጽፉ ነበር። ሲያዩት የኦሃዮ ግዛት ስም ይመስላል። ምሥጢሩ ግን የአራት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደል ነው፤ «ኦክቶበር ላይ እንጠፋለን»። ከድተን እንሄዳለን ማለታቸው ነው። እነዚህ እንግዲህ በኋላ ኖርማንዲ የወረዱት ልጆች ናቸው።

በዚያ ጦርነት ካገለገሉት 16 ሚሊዮን አሜሪካኖች ውስጥ 10 ሚሊዮን ያህሉ ተጠርተው ነው የሄዱት። ደብዳቤ መጣላቸው፣ ሄዱ። እርግጥ ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ ለአብዛኛው ወንድ በፈቃድ መመዝገብ ራሱ ተዘግቶ ነበር፤ ማን የት እንደሚሄድ መንግሥት መወሰን ፈለገ። ቢሆንም ነጥቡን ያዙልኝ። ደብዳቤ መጣላቸው።

እቤት የቀረውስ? ስኳር፣ ሥጋ፣ ቤንዚን፣ ጎማ በኩፖን ሆነ። የመኪና ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ተደረገ፤ ጎማ እንዳያልቅ። የኩፖን ጣጣ ለኛ አዲስ አይደለም። ቀበሌ ተሰልፎ ስኳር የወሰደ እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ግማሹ አዳራሽ። እንግዲህ ኩፖን ባለበት ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ጥቁር ገበያ! እነሱም ጋ ነበር። ሐሰተኛ ኩፖን ይታተም ነበር። ሥጋ በጓሮ በር ይሸጥ ነበር። በ1943 ደግሞ ጦርነቱ መሀል ላይ ግማሽ ሚሊዮን የሚደርሱ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከዚያም ወደ ኋላ ብትሄዱ ያው ነው። ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት ሲዋጉ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር በ1777 ክረምት ቫሊ ፎርጅ ላይ ሲራብና በበሽታ ሲያልቅ፣ የአካባቢው ገበሬ እህሉን ፊላደልፊያ ላለው ለእንግሊዝ ጦር ይሸጥ ነበር። እንግሊዝ በጥሬ ብር ይከፍላላ።

ይህን የማወራው የሞቱትን ለማሳነስ አይደለም። ጋሼ የሚያወሩት ሰው፣ ሳይጠሩት የሚሄድ፣ የማያጉረመርም፣ የማይሸጥ፣ እዚህ አገር ኖሮ አያውቅም ለማለት ነው። የኖረው የሚያጉረመርም ሰው ነው። እያጉረመረመ የሚሄድ።

አሁን ኮሪያ ልውሰዳችሁ፤ እዚያ እኛም አለን። የቃኘው ልጆች በ1951 ፑሳን ወረዱ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱብን። አንድም አልተማረከብንም ብለን እስከ ዛሬ እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል። ከአሜሪካኖቹ ግን ከ7 ሺህ በላይ ተማርከው ነበር። ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት እዚያው ሞቱ። የተረፉት በ1953 ሲለቀቁ 21 ወታደሮች አገራችን አንመለስም ብለው ወደ ቻይና ሄዱ።

ከሺዎች 21። አገሩ ግን ተናወጠ። ጋዜጣው፣ መኮንኑ፣ ሰባኪው አንድ ዘፈን ያዙ። ልጆቻችን ለስልሰዋል፤ እናቶቻቸው አሞላቅቀዋቸዋል፤ ትምህርት ቤቶቻችን አገር መውደድ አላስተማሯቸውም። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ወታደር ሲማረክ እንዴት መሆን እንዳለበት የሚዘረዝር የሥነ ምግባር ደንብ ፈርመው አወጡ። ደንቡ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ኋላ ነገሩን ረጋ ብለው ያጠኑት ሰዎች፣ ልጆቹን የፈጃቸው ረሃብ፣ ብርድና በሽታ እንጂ የእናት ማሞላቀቅ እንዳልሆነ ጻፉ። ያን ጊዜ ግን ማን ይሰማል? ዘፈኑ ወጥቷል።

ልብ በሉልኝ። ይህ 50ዎቹ ነው። ጋሼ «ወገብ ነበራቸው» የሚሉት ሰዎች ወጣት የነበሩበት ዘመን።

ገና አላበቃም። በዚያው ዘመን የአሜሪካና የአውሮፓ ልጆች ቀላል የሰውነት ፈተና ተሰጣቸው። ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት፣ ተኝቶ መነሳት፣ እንዲህ ያለ ነገር። ከአውሮፓ ልጆች የወደቁት 9 በመቶ አይሞሉም። ከአሜሪካ ልጆች 58 በመቶ ያህል ወደቁ። በ1960 መጨረሻ ኬኔዲ ተመርጠው ገና ቢሮ ሳይገቡ በአንድ የስፖርት መጽሔት ላይ አሜሪካዊው ለስልሷል ብለው ጻፉ። በ1963 ደግሞ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ለባሕር ኃይል እግረኞች መኮንኖች ያወጡት የድሮ ትእዛዝ ተገኘ፤ 50 ማይል በእግር። ይሄ 80 ኪሎ ሜትር ነው። አገሩ በሙሉ እግሩን አነሳ። የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ በፌብሩዋሪ ብርድ፣ በቢሮ ጫማው፣ እዚህችው አጠገባችን ሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር ተጓዘው። እሁድ እሁድ ልጆቻችንን ይዘን የምንንሸራሸርበት መንገድ ማለት ነው። እኛ ግሬት ፎልስ ደርሰን፣ ፏፏቴውን አይተን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። የዚያ ጉዞ ትዝታ አሁንም ቡንስቦሮ በምትባል የሜሪላንድ ከተማ በየዓመቱ በ50 ማይል ሩጫ ይከበራል።

የሚያስቀኝ ምን መሰላችሁ? በዚያ ፈተና ወድቃችኋል የተባሉት ልጆች ዛሬ ሰማንያ ቤት ገብተዋል። የኋላ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው «የዛሬ ልጆች ለስልሰዋል» የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

እሺ፣ ታዲያ ምንም አልተለወጠም ወይ? ተለውጧል። እሱን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ጋሉፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ድርጅት «አሜሪካዊ በመሆንህ ምን ያህል ትኮራለህ?» ብሎ ከ2001 ጀምሮ ይጠይቃል። በ2003 «እጅግ በጣም» ያለው 70 በመቶ ነበር። በ2025 ይህ ቁጥር 41 ነው። «እጅግ በጣም» እና «በጣም» ያሉት አንድ ላይ ተደምረው 58 በመቶ ሆኑ፤ ጥያቄው ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው። ቁጥሩን ለብቻው ካያችሁት ጋሼ ልክ ናቸው። ግን በፓርቲ ከፍላችሁ እዩት። ከሪፐብሊካኖቹ 92 በመቶ ይኮራሉ። ከዴሞክራቶቹ 36 በመቶ። አንድ አገር፣ አንድ ሰኔ ወር፣ ሁለት ሕዝብ። ዋይት ሐውስ ውስጥ ማን ተቀምጧል የሚለው ጥያቄ እዚህ መልስ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ማየት አያቅትም። ሰዉ አገር ሲባል መንግሥት ይሰማዋል። እኛም ቤት እኮ ያው ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፈውን ሰው ኩራት ለካችሁ ብትመዘግቡ፣ መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ኩራቱ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሻገር ታዩት ነበር።

ከኩራት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እምነት ነው። በ1964 ከአራት አሜሪካኖች ሦስቱ የዋሽንግተን መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ያደርጋል ብለው ያምኑ ነበር። ቬትናም መጣ፣ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ቅሌት ዋተርጌት መጣ፣ ኢራቅ መጣ። አሁን ከአምስት አንድ አካባቢ ነው። ይህ ልስላሴ ነው ልትሉኝ አትችሉም። ተታሎ የነቃ ሰው ለስላሳ አይባልም።

ጦሩስ? በ2022 የምድር ጦሩ 60 ሺህ አዲስ ወታደር ፈልጎ 15 ሺህ ጎደለበት። ያኔ ጉድ ተባለ። ወጣቱ አገሩን ጠላ፣ ስልክ በላው፣ ለሰሰ። በ2024 ግን ኮታው ሞላ። በ2025 የ61 ሺህ ኮታው አራት ወር ሲቀረው ሞላ። በሦስት ዓመት ውስጥ ፍቅር እንዲህ ሄዶ ይመጣል? መቼም ስለ ምክንያቱ ሁሉም የራሱን ፖለቲካ ይጨምርበታል። አንዱ ምክንያት ግን በዓይን የሚታይ ነው። በ2020 ፔንታጎን ባደረገው ጥናት ከ17 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች 77 በመቶው ልዩ ፈቃድ ካልተሰጣቸው ለውትድርና ብቁ አይደሉም። ውፍረት አለ፣ የጤና ችግር አለ፣ አደንዛዥ ዕፅ አለ። ጦሩ በ2022 ሳውዝ ካሮላይና ፎርት ጃክሰን ላይ የመሰናዶ ኮርስ ከፈተ። ክብደት የበዛበት ክብደት ይቀንሳል፣ ፈተና የከበደው ያጠናል፣ ከዚያ ይቀጠራል። ልጆቹ መጡ፤ ያውም በሺዎች። ፈልገው ነበር ማለት ነው፤ በሩ ጠቧቸው ነው እንጂ።

«77 በመቶ! አያችሁ፣ ለስልሰዋል» የሚል ይኖራል። በ40ዎቹም እኮ ለውትድርና ከተመረመሩት ወንዶች ከሦስት አንድ ያህሉ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ጥርሳቸው ያለቀ፣ በልጅነታቸው በቅጡ ያልበሉ የድህነት ዘመን ልጆች ነበሩ። መንግሥት ደንግጦ በ1946 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ አወጣ፤ በሕጉም ላይ ይህ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው ተብሎ ተጻፈ። ያን ጊዜ ከሲታ ሆነው፣ አሁን ወፍረው። በሁለቱም ዘመን ልጁ የበላው አገሩ ያበላውን ነው።

ዛሬ በመደበኛ ሠራዊት ውስጥ ያለው 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰው ነው፤ ከ340 ሚሊዮን። ብሔራዊ ውትድርና በ1973 ቀርቷል። ስለዚህ የአፍጋኒስታን ጦርነት 20 ዓመት ሲቆይ አብዛኛው አሜሪካዊ አንድ ሰው እንኳ ከቤቱ አልሄደበትም። እኔ ታክሲ ስነዳ ዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል አንዳንድ ልጆች አደርስ ነበር። እግር የላቸውም። ዕድሜያቸው 22፣ 23። አንዱ ከመኪናው ሲወርድ ልደግፈው እጄን ስዘረጋ «አይዞህ ሰውዬ፣ እኔ ይዤዋለሁ» ብሎኝ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ዊልቸሩ ላይ ዘሎ ተቀመጠ። ከዚያ ሦስት ማይል ሳልሄድ ሞል ደረስኩ። የፓርኪንግ ቦታ ጠፍቶ ሰው ይሰዳደባል። ጦርነት ላይ ያለ አገር ነው እንግዲህ።

ሴፕቴምበር 11 የሆነ ጊዜ ይህ አገር ምንም ብትጠይቀው ይሰጥህ ነበር። ደም ለመለገስ የነበረው ሰልፍ ትዝ ይላችኋል። በዚያች ቀን ማንሃታን ላይ የጀልባ ባለቤቶች፣ የሰው ማመላለሻው፣ የዓሣ ማጥመጃው፣ የሽርሽሩ፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ሰው አሻግረዋል። በሬዲዮ «ጀልባ ያለው ይምጣ» ተባለ፤ መጡ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ግን በወሩ መጨረሻ ቺካጎ ኤርፖርት ላይ ለሕዝቡ ምን አሉ? በአውሮፕላን ብረሩ፣ ፍሎሪዳ ወርዳችሁ ዲዝኒ ወርልድን ጎብኙ አሉ። በክፋት አይደለም፤ አየር መንገዶቹ ሊዘጉ ደርሰው ነበር፤ ሕዝቡም ፈርቷል። ግን አስቡት። አንድ ሕዝብ ምን ላድርግ ብሎ ቆሞ ሲጠብቅ ተዝናና ተባለ። እኔ የዛሬውን ነገር ሁሉ ስመረምር ደጋግሜ የምመለሰው እዚያች ንግግር ላይ ነው። ጠፋ የምንለው ፍቅሩ አይመስለኝም። የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።

በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ሲጠይቁት እምቢ አለ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በማስክ የተደባደበውን ሁላችንም አይተናል። ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ሞቷል። ይህን ላለሳልሰው አልፈልግም። ግን በ1919 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥም የፀረ ማስክ ማኅበር ተቋቁሞ ሺዎች ተሰብስበው ነበር። ይህ የተወለዱበት ጠባይ ነው፤ ዛሬ የመጣባቸው በሽታ አይደለም።

የሚቀርብ ነገር ላንሳ። ሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የሚባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ የምዕራብ ኖርዝ ካሮላይናን ተራራ አረሰው። መንገድ ተጠርጎ ሄደ፣ ድልድይ ሄደ፣ ስልክ ጠፋ። አሽቪል ከተማ ከቧንቧ የሚጠጣ ውኃ ያገኘችው ከ53 ቀን በኋላ ነው። ሰዉ ለሽንት ቤት ከወንዝ በባልዲ ይቀዳ ነበር። መኪናም ሄሊኮፕተርም ያልደረሰበት ቦታ ላሉት ምግብና መድኃኒት ምን አደረሰላቸው? በቅሎ! የበቅሎ ባለቤቶች ጭነታቸውን ጭነው ገደል ለገደል ሄዱ። ቪዲዮውን ለእናቴ አሳየኋት። ስታየው ቆይታ «ልጓሙን እንዲህ አይዙትም» አለች። አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበቻት ያን ቀን ይመስለኛል። እነዚህ ሰዎች ትእዛዝ አልጠበቁም። ያችን ተራራ ላይ ያለች አሮጊት ያውቋታል።

የኔ ሰፈር ታሪክ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ጁን 29 ቀን 2012 ማታ ያ ዲሬቾ የተባለው ነፋስ መጣ፤ ትዝ ይላችኋል? ቀኑን ሙቀቱ ከ100 ፋራናይት በላይ ነበር። ዛፍ ወደቀ፣ መብራት ሄደ። እኛ ጋ አምስት ቀን። ፍሪዘር ውስጥ ለእህቴ ልጅ ክርስትና የተዘጋጀ ዶሮ አለ፤ ባለቤቴ ዶሮውን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ምን ላድርግ? ከፊታችን የሚኖረው ሰውዬ በረንዳው ላይ ክረምት ከበጋ የማይወርድ ትልቅ ባንዲራ አለው። ከሱ ጎን የምትኖረው ሴትዮ መኪናዋ ላይ የኦባማ ስቲከር ለጥፋለች፤ የሱ መኪና ላይ ደግሞ ተቃራኒው አለ። በአራት ዓመት ውስጥ ሰላም ሲባባሉ አይቼ አላውቅም። የሴትዮዋ እናት የኦክስጅን ማሽን ላይ ናቸው።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። ሰውዬው ጄኔሬተሩን አስነስቶ ብርቱካንማ ኤክስቴንሽን ገመድ በአጥሩ ላይ አሳልፎ ሴትዮዋ ቤት በመስኮት እያስገባ ነው። ባትሪውን አፉ ውስጥ ነክሶታል። ሲጨርስ ወደኔ ዞሮ «ፍሪጅህ ውስጥ ሥጋ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ሁለተኛ ገመድ አመጣ። ዶሮው ተረፈ። በሦስተኛው ቀን ሦስታችንም ቤተሰብ እኔ ግቢ ዶሮ ወጥ በላን። እሱ በሹካ ነው የበላው፤ እንጀራውን ለብቻው ጠቅልሎ እንደ ሳንድዊች ገመጠው። መብራት ሲመጣ ሰውዬውና ሴትዮዋ ሰላም መባባላቸውን ተዉት ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ተዉት። ገመዱ ግን እስከ ዛሬ እሷ ጋራዥ ውስጥ ነው። አልጠየቃትም።

ወደ ማለቁ ነኝ፣ የልጆቹ ምግብ እንዳይቀዘቅዝ።

ባልቲሞር ሄጄ ዜግነት ስቀበል ቀኝ እጄን አንስቼ ማልሁ። ከመሐላው ውስጥ «በሕግ ስጠየቅ ለአሜሪካ መሣሪያ አነሳለሁ» የሚል አለበት። እዚህ የተወለደ ሰው ይህን እንዲምል ማንም አይጠይቀውም። የምንጠየቀው እኛ ነን። ስምል ሳቄ መጣ። ለምን መሰላችሁ? በደርግ መጨረሻ፣ አፈሳው ሲጦፍ፣ እናቴ እኔን 17 ዓመቴ ላይ ኮርኒስ ውስጥ ደብቃኝ ነበር። ዘጠኝ ቀን። ምግብ በእንጨት ነበር የምትገፋልኝ። አገሬን ጠልቼ ነው? አይደለም። አገሬ የጠየቀችኝ በአፈሳ መኪና ስለነበር ነው።

ልጄ ባለፈው ዓመት 18 ሞላው። እዚህ ወንድ ልጅ 18 ሲሞላ ለግዳጅ ውትድርና መመዝገብ አለበት፤ ግሪን ካርድ ያለውም፣ ወረቀት የሌለውም። ምልመላ የለም፤ መዝገቡ ግን አለ። ሶፋ ላይ ጋለል ብሎ ስልኩ ላይ ሞላው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ጨረስክ?» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። እኔ ኮርኒሱን ቀና ብዬ አየሁት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የዚህ አገር እሳት አጥፊዎች ሁለት ሦስተኛው ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች እንደሆኑ ስንቶቻችን እናውቃለን? ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1736 ፊላደልፊያ ውስጥ ባልዲያቸውን ይዘው የሚመጡ ጎረቤቶችን ካደራጀ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በ1984 ወደ 900 ሺህ ነበሩ። በ2020 ወደ 677 ሺህ ወርደዋል። የሚደወልላቸው ጥሪ ደግሞ በዚሁ ጊዜ ሦስት እጥፍ ገደማ አድጓል። ኩራት በመቶኛ ከሚለካው ቁጥር ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ይሄኛው ነው። ሰዉ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ከተማ ውስጥ ተከራይቶ ይኖራል፣ ሥልጠናው ይረዝማል፣ ማንም መጥቶ በሩን አያንኳኳም።

የኔ ግን ተንኳኳ። ባንዲራ ያለው ጎረቤቴ 40 ዓመት በፈቃደኝነት ያገለገለበት ጣቢያ አለ። አሁን ሰባዎቹ ውስጥ ነው፤ ጉልበቱ አይታዘዝም። ባለፈው ክረምት መጣና በረንዳዬ ላይ ቆመ። «ሰው የለንም» አለኝ። እኔ 54 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ፣ እሳት ውስጥ አልገባም አልኩት። «ማን ግባ አለህ?» አለኝ። «መንዳት ትችላለህ?»

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ሥልጠና ላይ ነኝ። አስተማሪዬ 24 ዓመቷ ነው። የእሳት አደጋ መኪናው 11 ሜትር ይረዝማል። ባለፈው ሳምንት ወደ ኋላ ስገባ ኮኑን ገጭቼ ጣልኩት። «ከዚህ በፊት ምን ነድተሃል?» አለችኝ። ታክሲ፣ 11 ዓመት፣ አልኳት። ሳቀችና «ውረድ፣ ኮኑን አንሳና እንደገና» አለችኝ።